መንገዱ ሽማግሌ አልላከም

ሴትዮዋ የመኪናዬን ኮፈን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጃንጥላዋን አስተካክላ ተሻገረችና ሄደች። እኔ እጆቼ መሪው ላይ ደርቀው ቀሩ። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ስለነበር ምን እንደተፈጠረ እንኳ አላወቀም። ሲወርድ መልካም ምሽት ተመኘልኝ፤ ቆይቶም አምስት ኮከብ ሰጠኝ። ኡበር መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ያፈርኩበት አምስት ኮከብ የለም።

ጊዜው የኅዳር መጀመሪያ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ድንግዝግዝ የሚልበት ሳምንት። ዋሽንግተን ዲሲ፣ 14ኛ ጎዳና፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ አካባቢ። ዝናብ ያካፋል። አረንጓዴ በርቶልኝ ወደ ግራ ልታጠፍ ከፊት የሚመጣውን መኪና እየጠበቅሁ ነው። ክፍተት አገኘሁና ነዳሁ። ለሴትዮዋም የእግረኛው መብራት በርቶላታል። እኔ ግን አላየኋትም። የፊት መስታወቱን በግራ በኩል የሚይዘው ብረት ሸፍኗት ነበር። ሹፌር የሆነ ሰው ይህን ብረት ያውቀዋል፤ ሰው ሙሉ ይውጣል። አንተ ስትዞር እግረኛውም ሲራመድ፣ ብረቱ እየተከተለ ይጋርደዋል።

ያዳናት ፍሬኔ ነው ብል ውሸት ነው። ያዳናት አንድ ቀን ቀድሞ የሰደብኩት ጎማ ነው። በዚያው ሰሞን የከተማው ሠራተኞች ቢጫው መስመር የሚያልቅበት ቦታ ላይ የጎማ ጉብታ በብሎን አስረው፣ በላዩ ላይ የፕላስቲክ ዘንጎች አቁመው ነበር። ድሮ ወደ ግራ ስታጠፍ ማዕዘኑን በሰያፍ ቆርጠህ ሽው ትላለህ። አሁን ዘንጎቹ ስላሉ መጀመሪያ ወደ መስቀለኛው መሐል መግባት፣ ከዚያ ፍጥነትህን ገድለህ መዞር ግድ ነው። በፊተኛው ቀን የጎን መስታወቴን ሊነካብኝ ሲል "ሥራ ያጡ!" ብያቸው ነበር። በዚያ ምሽት ግን በሰያፍ መቁረጥ ስላልቻልኩ፣ ዞሬ ስቀና ሴትዮዋ ከብረቱ ጀርባ ወጥታ መብራቴ ላይ ቆማ አገኘኋት። በመሐላችን አንድ ክንድ ቢኖር ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ድካሜ የድሮው ነው፣ ችኮላዬም የድሮው ነው። ከድሮው የተለወጠው ጎማው ብቻ ነው።

ጎማውና ስለቱ

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት አማተበች።

"እግዜር ነው የጠበቀህ። እሑድ ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ።"

"ጎማው ነው" አልኳት።

"ጎማውንስ ማን አስቀመጠው?"

"ከተማው።"

"ከተማውንስ ማን አሳሰበው?" አለችና ወደ ወጧ ተመለሰች። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ክርክር አሸንፌያት አላውቅም።

ከተማውን ማን እንዳሳሰበው ግን ማወቅ ፈለግሁ። ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ ሌላው ካርታ ሲጫወት፣ እኔ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የተጀመረው ስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ፓርላማ "ቪዥን ዜሮ" የሚባል ሐሳብ አጸደቀ። መንገድ ላይ ማንም መሞት የለበትም፣ ማንም ዕድሜ ልኩን የሚያሽመደምድ ጉዳት ሊደርስበት አይገባም የሚል ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን ስዊድኖቹ ሰው መልአክ ይሆናል አላሉም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው ያሉት፦ ሰው ይሳሳታል፣ ይደክማል፣ ይቸኩላል፤ ስለዚህ መንገዱ ሲሠራ ይህን ታሳቢ አድርጎ ይሠራ፣ የሰው ስህተት የሞት ፍርድ እንዳይሆን። ኃላፊነቱም የሚነዳውና የሚሻገረው ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሠራውም ነው።

ቁጥሩን ሳይ ደግሞ ዝም አልኩ። አሜሪካ ውስጥ በተጠና ጥናት፣ በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና ከተገጩ 10 እግረኞች አንዱ ገደማ ይሞታል። መኪናው 42 ማይል ላይ ከሆነ ከሁለት አንዱ። በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት ለእኔ ለሹፌሩ ቀኝ እግሬን ትንሽ መጫን ነው፤ አላስተውለውም እንኳ። ስለዚያች ጎማም ተጠንቷል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙት የመንገድ ደህንነት ምርምር ተቋም እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ጎማው የተተከለባቸውን መስቀለኛ መንገዶች አይቶ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሹፌር እግረኛ ላይ ደርሶ ድንገት ፍሬን የሚረግጥበት ወይም መሪ የሚጠመዝዝበት አጋጣሚ 70 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኘው። ጥናቱ የወጣው በ2020 ነው። እኔ በዘንጎቹ የተናደድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የተናደድኩበት ነገር ሥራው ማናደድ መሆኑን ማን ይነግረኛል!

"ቀኗ ነው"

ይህን ሁሉ ሳነብ አክስቴ መጣችብኝ።

አዲስ አበባ፣ ገርጂ በኩል፣ ቀለበት መንገዱ ገና አዲስ ሳለ። አክስቴ አትክልት ትሸጥ ነበር። ቤቷ ከመንገዱ ወዲህ፣ ገበያዋ ከመንገዱ ወዲያ። መንገዱ ሳይሠራ በፊት አሥር እርምጃ ነበር፤ ከተሠራ በኋላ በመሐሉ የኮንክሪት ግንብ ቆመበት። የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ዘንቢል ይዞ ወጥቶ ለመውረድ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ግንቡን ትዘላለች። አንድ ቀን ማለዳ አይሱዙ ገጫት። ያኔ ሰው አይሱዙን "አልቃይዳ" ይላት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ቅጽል ስም አውጥቶ መሳቅም የመልመድ አንዱ መንገድ ነው።

ከሰልስቱ በኋላ የሹፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቄስ። በር ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ካልሰማችሁን አንቀመጥም" አሉ። አባቴ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ "ግቡ። ቀኗ ነው። ልጁስ ምን ያድርግ" አለ። እናቴ አለቀሰች። ቡና ተፈላ። ልጁን በኋላ አየሁት፤ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ጎረምሳ። አባቴ አቅፎ አስነሳው።

ይህን ዕርቅ ስነቅፍ እንዳይመስል። አባቴ በዚያች ቀን ያደረገው ነገር ዛሬም ያኮራኛል። "ቀኗ ነው" ባይባል ኖሮ ሐዘኑ ወደ ጥላቻ ይዞር ነበር፤ ያ ልጅም ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። ግን የዚያን ቀን ማን ማን እንደተነሣ ልቁጠር። እግዜር ተነሣ። ሹፌሩ ተነሣ። አክስቴም ተነሣች፤ "ምነው በድልድዩ ብትሄድ" ተባለች፣ ሞታም ተወቀሰች። ቤቷንና ገበያዋን ለሁለት የከፈለውን ግንብ፣ ድልድዩን ያን ያህል ያራቀውን ሰው ያነሣ አልነበረም። መንገዱ ሽማግሌ አልላከም። ላክ ያለውም የለም። እኛ ራሳችን ከተበዳዩ ወገን ቆመን መንገዱን ከነፋስና ከዝናብ ጋር ቆጠርነው።

ስዊድኖቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መንገዱ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ለለቀስተኛው "ቀኗ ነው" ማለት ይቻላል። ንድፍ ወረቀት ላይ ያጎነበሰው ሰው ግን ይህን ቃል አፉ ውስጥ እንዳያስገባ ነው የከለከሉት።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስለ ኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ስትነግረኝ ደስ ይለኛል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2030 የሚዘልቅ የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ እንዳላትም አውቃለሁ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና፣ ስለ ገርጂው ግንብ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘግቼ አላውቅም። "ሰው አሁንም ይዘላል?" እላታለሁ። "አንተ ደግሞ" ትለኛለች።

ዕቅድ እናውቃለን

ዋሽንግተን ቪዥን ዜሮን የራሷ ያደረገችው በ2015 ነው፤ ከንቲባዋ ሙሪየል ባውዘር ሥልጣን በያዙበት ዓመት። ግቡ በ2024 የትራፊክ ሞትንም ከባድ ጉዳትንም ዜሮ ማድረግ ነበር። ይህን ኤርፖርቱ ማቆያ ላይ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አሁን እንደኛ በስልክ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ካርታቸውን ሳያስቀምጡ፣

"ስንት ዓመት ነው ያልከው?"

"አሥር ዓመት ገደማ።"

"እኛ ዕቅድ እናውቃለን፣ ልጄ። ደርግም የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ነበረው።" ሁሉም ሳቀ። "ሲጀምሩ ስንት ሰው ይሞት ነበር?"

"በ2015 26 ሰው።"

"ዜሮ ይሆናል በተባለበት ዓመትስ?"

"52።"

"በእጥፍ ተሳክቶላቸዋል በላ!"

ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። እኔም ስቄያለሁ፤ ቁጥሩ እውነት ነው፤ በ2023ም 52 ነበር። ሄልሲንኪስ አልኳቸው። የሕዝቧ ብዛት ከዲሲ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ከ2024 ሐምሌ እስከ 2025 ሐምሌ ድረስ አንድም ሰው መንገድ ላይ አልሞተባትም። ከግማሽ በላይ በሆኑት ጎዳናዎቿ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣ "እዚያ በረዶ ነው፤ ማን ከቤት ይወጣል?" አሉኝ።

ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ግን አላረካኝም። እኔ ይህን ከተማ ከጫፍ ጫፍ እነዳለሁ። ዕቅዱ የት እንደሠራና የት እንዳልሠራ በጎማዬ አውቀዋለሁ። ዘንጉ ያለበት ማዕዘን ላይ እኔን አስገድዶኛል። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ ዋርድ 7 እና 8 በሚባሉት የከተማዋ ክፍሎች፣ ሚኒሶታ አቬኑ ወይም ሳውዘርን አቬኑ ላይ ስወጣ ግን መንገዱ ራሱ "ርገጥ" ይለኛል፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ማታ ባዶ። የፍጥነት ገደቡን የሚናገር ምልክት አለ፤ አስፋልቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፣ ሹፌር ደግሞ የሚሰማው አስፋልቱን ነው። የከተማዋ ሞት ከሕዝብ ቁጥሩ በላይ የሚበዛው እዚያ ነው። በ2020 በሰፈር ውስጥ መንገዶች የፍጥነት ገደቡ ከ25 ወደ 20 ማይል ወረደ፤ ብዙው ቦታ ላይ የተለወጠው ታቤላው ነው። በ2022 ምክር ቤቱ በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍን ከ2025 ጀምሮ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ጊዜው ሲደርስ በጀት አልተገኘለትም። ሰው ሲሞት ግን ወዲያው መሐንዲስ ይመጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ዘንግ ይተከላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል? የእኔዋ ማዕዘን ጎማ ከማን ሞት በኋላ እንደተተከለ አላውቅም። ከማንም ሞት በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

መሳቢያው ውስጥ ያለው

እዚህ ድረስ ከተማውን ገመገምኩ። አሁን ራሴን።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ታርጋዬም የቨርጂኒያ። ዲሲ ውስጥ የፍጥነት ካሜራ ፎቶ ሲያነሳህ ቤትህ ፖስታ ይመጣል፤ ከገደቡ ከ11 እስከ 15 ማይል ካለፍክ 100 ዶላር፣ በጊዜው ካልመለስክ እጥፍ። ነገር ግን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የዲሲን የካሜራ ቅጣት አያስከፍሉም። መንጃ ፈቃድህ አይነካም፣ ኢንሹራንስህ አይጨምርም። ብቸኛው ፍርሃት ዲሲ ውስጥ አቁመህ ስትመለስ ጎማህ ላይ ቡት፣ መኪናውን የሚቆልፈው ብረት፣ ታስሮ ማግኘት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ምክር አጭር ነው፦ "ዲሲ ውስጥ አታቁም።" ካሜራው የከተማዋ ጥገት ላም ነው፣ የሚታለበው ድሃ ሹፌር ነው እንላለን። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔም ሞኝ ላለመሆን ፖስታዎቹን ሳልከፍት ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ እከት ነበር።

ጥገት ላም የሚለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። ለእኔ 100 ዶላር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለተሳፋሪዬ የአንድ እራት ዋጋ። ግን ከሴትዮዋ በኋላ መሳቢያውን ስከፍት ሰባት ፖስታ ነበር። ከሰባቱ አራቱ አንድ ቦታ፣ አንድ ካሜራ። ፎቶዎቹን ደረደርኳቸው። በአራቱም መኪናዬ ብቻዋን ትሮጣለች። ሌላ ማንም የለበትም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ቢገባበትስ ኖሮ?

በመጋቢት 2023 ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ የሆነውን እዚህ ያለ ሹፌር ሁሉ ያስታውሳል። ሌሊት ነው። ከፖሊስ ያመለጠች መኪና መስመር ስታ አንዲት የራይድ መኪና ላይ ወጣች። ሹፌሩና ሁለቱ ተሳፋሪዎቹ ሞቱ። እንደኔ ሌሊቱን ሊሠራ የወጣ ሹፌር። የገጨችው መኪና ላይ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ያልተከፈለ ቅጣት ነበር። በዚያ ሰሞን ማቆያው ላይ ካርታ አልተጫወትንም። "እንዴት እስካሁን ዝም አሏት?" ስንል እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ስናገር የእኔ ፖስታዎች መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። በእኔና በዚያች መኪና መሐል የቁጥር ልዩነት አለ፤ ብዙ ልዩነት ነው፣ ግን የዓይነት ልዩነት ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

ከፈልኩ። ንስሐ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ግማሹ ፍርሃት ነው። በ2024 የወጣ ሕግ የዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ከሌላ ግዛት የሚመጡትን አደገኛ ሹፌሮች ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቅዷል፤ ሰባት ፖስታ ይዞ ይህን ማንበብ ደስ አይልም። ምን ያህል እንደከፈልኩ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ይህን ካነበበች ታውቃለች። ጧፏን ግን ይዛ ሄዳለች፤ እኔም ደጅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠብቄያታለሁ።

ባለፈው ሳምንት በዚያችው ማዕዘን አለፍኩ። ከዘንጎቹ አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። አንዱ እንደኔ የቸኮለ ሄዶበታል። የጎማው ጉብታም በአንድ በኩል ተነቅሎ ተነሥቷል። ከፊቴ የነበረው ጥቁር መኪና በሰያፍ ሽው ብሎ ታጠፈ፤ ልክ እንደ ድሮው። እኔ ግን ዘንጉ ባይኖርም ዙሪያውን ዞርኩ። ከኋላዬ ያለው ጥሩንባ ነፋብኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩና የከተማው አቤቱታ መቀበያ ስልክ ላይ፣ 311 ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት። ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የሰደብኩት፣ ከዚያ ደግሞ ሳመሰግነው የኖርኩት ነገር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። "መንገዱ መሐል ያለው ዱላ ወድቋል" አልኳት። የትኛው ዱላ? ወደ ግራ ስትታጠፊ ቀስ የሚያሰኝሽ አልኳት። ገባት። ጽፋ ስትጨርስ፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ አለችኝ።

"እስካሁን የለም" አልኳት።

የሰጠችኝን ቁጥር የምጽፍበት ወረቀት ፈልጌ፣ መኪናው ውስጥ የተረሳ አንድ ባዶ የቅጣት ፖስታ አገኘሁ። ጀርባው ላይ ጻፍኩት።